የዳዊቱ ዕልባት

አቶ ተክለ ሃይማኖት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ለንደን፣ ስቶክዌል ሰፈር ውስጥ ያልነዱበት መንገድ የለም። በወጣትነታቸው ግን ወታደር ነበሩ። ሰሜን ግንባር ሦስት ዓመት ተዋግተው የተሸለሟት የጦር ሜዳ ሪባን፣ ከጣት የማትበልጥ ባለሦስት ቀለም ጨርቅ፣ ጫማቸው ገበር ሥር ተሸሽጋ አብራቸው ተሰዳለች።

ለንደን ከገቡ ወዲህ ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ደረታቸው ላይ አላደረጓትም። ምክንያቱ ከላይኛው ፎቅ ይኖራል። አቶ ወልደንኪኤል ያኔ ከወዲያኛው ምሽግ ይተኩሱ የነበሩ ታጋይ ናቸው፤ ዛሬ ከወንድም የቀረቡ ጎረቤት። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲበሉ ሲጠጡ ሁለቱም ስለዚያ ጦርነት ትንፍሽ አላሉም። ሆድ ይፍጀው ብለው ነው።

የአቶ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ዳናዊት ልታገባ ስትል የሪባኗን ወሬ ከአያቷ ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ሰማች።

«አባባ፣ ሪባንዎን ካላደረጉ ከሙሽራ ሊሞው አልወርድም። ሲሪየስሊ!»

ዳናዊት ካለች አለች ናት። አያትየው ቃል ገቡ።

በሠርጉ ዋዜማ ቁም ሣጥኑ ተገለበጠ፤ ሪባን የለም። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ራሳቸውን ያዙ።

«ውይ በሞትኩት! ዳዊቴ ውስጥ ዕልባት አድርጌያት ነበር። ዳዊቱን ደግሞ ሉቺያ ስትታመም ለወልደንኪኤል አዋስኩት።»

«ከሰው ሁሉ ለሱ?»

«ታዲያ ሚስቱ ታማበት በባዶ እጅህ ጸልይ ልበለው?»

አቶ ተክለ ሃይማኖት ሊፍት እያለ በደረጃ ወጡ። ጦር ሜዳ ያልፈሩት ሰውዬ አንድ በር ማንኳኳት ፈሩ፤ ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ወዳጅነት ለአንዲት ጨርቅ ሊበላሽ ነው።

«ዳዊቱን ፈልጌው ነበር... ለአንድ ቀን ብቻ» አሉ፣ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው።

ወልደንኪኤል መጽሐፉን ገለጡት። ሪባኗ ታጥባ፣ ካውያ ተመትታ ገጹ መሐል ተኝታለች።

«የመጣች ዕለት ነው ያወቅኋት» አሉ። «በማረክናቸው ሰዎች ደረት ላይ አይቻለሁ። እናንተ ምሽግ ላይ ስንት ጥይት እንደጨረስኩ አንድዬ ያውቃል። አንተን አግኝቼህ ቢሆን ኖሮ፣ የታመመች ለት በበረዶ ሉቺያን ማን ሐኪም ቤት ያደርሳት ነበር? ተመስገን፣ ስቼሃለሁ!»

«እኔስ? እኔም እኮ ስቼሃለሁ!»

ሁለት ሽማግሌዎች ሆዳቸውን ይዘው በሳቅ ፈረሱ። ሉቺያ «ምን ነካችሁ?» እያሉ ከጓዳ ብቅ አሉ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሪባኗን በመርፌ ቁልፍ የሰኳት ወልደንኪኤል ራሳቸው ናቸው።

«አትነቃነቅ፤ ዛሬ ብወጋህ ሰው ይታዘበኛል።»

ዳናዊት ሊሞው ውስጥ ሆና እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሙሽራ መሆኗንም ረስታ ቬሎዋን ሰብስባ ዘላ ወረደች።

ሰኞ ጠዋት አቶ ተክለ ሃይማኖት በደረጃው ተመልሰው ወጡ፤ አሁንስ እየተጣደፉ። ሪባኗን ለወልደንኪኤል ዘረጉላቸው።

«ያዛት» አሉ፤ «ለሉቺያ የምትጸልይበት ገጽ እንዳይጠፋብህ።»