አንድ ሰው፣ አንድ ጉዳይ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የሸተተኝ ጀንፈል ቡና ነው። ሚዛን ከተማ ያሰሩን ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ቀጥሎ ያየሁት እሷን ነው፤ የኛን ሳይሆን የሌላኛውን ተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ። ጥግ ላይ ጆንያ አንጥፋ ተቀምጣለች።

«መጣሽ?» አለችኝ፣ ቀጠሮ እንዳረፈድኩ ሁሉ።

«የምክር ቤት አባል አይደለሽ እንዴ? ያለመከሰስ መብትሽስ?»

«ከስልኬ ጋር በር ላይ ተረከቡኝ።»

በዚያው ሳምንት ተጣልተን ነበር። ምክር ቤቱ ለተቃዋሚዎች በሙሉ የሚሰጠው አሥር ደቂቃ ነው። ሁለቱ ፓርቲዎች አምስት አምስት ተካፈልን። የኛን ንግግር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የሕግ ዲግሪዬን በያዝኩ በወሩ። የኛም ሰው እሷም ስለዚያው ስለ ቴፒ መንገድ አወሩና መንገዱ መቼ እንደሚሠራ ሳይጠየቅ ሰዓቱ አለቀ።

ሦስተኛዋ እስረኛ የሸኮ ገበሬ ነች፣ የሰባት ወር እርጉዝ። ፖሊሶች ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘው መጡ። ወባ ያንቀጠቅጣታል።

ጠዋት ጠዋት ተረኛው ፖሊስ ቆጥሮን ሲጨርስ፣ በሩን እንደያዘ «አንድ ሰው፣ አንድ ጉዳይ» ይላል፤ በቀን የሚሰማው የአንዳችንን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን እኔ «አርባ ስምንት ሰዓት አልፏል፣ ፍርድ ቤት» ስል፣ ተመራጯ «ይቺ ሴት ሐኪም» አለች። ሁለታችንም አላቆምንም። በሩን ዘጋው።

«እኔ ልጀምር ብዬሽ ነበር» አለች።

«ሁሌ እናንተ ናችሁ የምትጀምሩት።»

«አንቺ ደግሞ ከጀመርሽ አትጨርሺም።»

እርጉዟ ከተኛችበት «እናንተ ስትጣሉ በሩ ይዘጋል» አለች።

ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለስኩ፤ ስድስት እርምጃ ነው። ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወደ ተመራጯ ጠጋ ብዬ «ደቂቃዬን እሰጣለሁ» አልኳት።

«ለማን?»

በአገጬ ወደ እርጉዟ ጠቆምኩ። «የኔንም ጨምሪላት» አለች።

በማግስቱ ፖሊሱ እኔን እያየ «እሺ ተማሪዋ፣ ዛሬስ የትኛው አንቀጽ ነው?» አለ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ተራው የሷ ነው» አልኩ።

እርጉዟን ግራና ቀኝ ይዘን አቆምናት። እሷም ቀስ ብላ «እኔን ያዛችሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውም ተይዟል?» አለችው።

ፖሊሱ በሩን አልዘጋውም። ትንሽ ቆይቶ ባጃጅ አስጠራና ጤና ጣቢያ ወሰዷት።

ከተፈታን ወዲህ የሁለቱን ፓርቲዎች የተናጋሪ ዝርዝር የማወጣው እኔ ነኝ። ዛሬም አሥሯን ደቂቃ ለመከፋፈል ሁለቱ ወገኖች ይነታረካሉ። እነሱ ሲነታረኩ እኔ መቀመጥ ያቅተኛል፤ ተነስቼ ስድስት እርምጃ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። በሩ ሊዘጋ የደረሰ ይመስለኛል።