አንድ ሰው የቀረው ጉድጓድ

መሬት አዳምጣለሁ ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ እንጀራዬ ግን እሱ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ለውሃ ፍለጋ ቡድን ወጥ ልሠራ ገብቼ፣ የጣሉትን ወረቀት ሳነብ፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ ቆሜ ሳይ፣ በመጨረሻ የመሬቱን ሥዕል የምሠራው እኔ ሆኜ ቀረሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ብረት መሬት ላይ ታስቀምጡና በመዶሻ ትመታላችሁ። ድምፁ ወርዶ፣ ጠጠር ላይ ነጥሮ ሲመለስ በመስመር የተደረደሩ መስሚያዎች ይቀበሉታል። ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይታወቃል፤ ፍጥነቱን ካወቃችሁ ጥልቀቱን ታገኛላችሁ። ፍጥነቱን ከሳታችሁ ሥዕሉ ያምራል፣ ግን ይዋሻል።

ቀወት ውስጥ፣ ማሽላ ማሳ ዳር፣ አንድ ሽማግሌ ለመንደሩ ውሃ ሊያወጡ ምለው በዶማ ይቆፍሩ ነበር። ዘጠኝ ሰው ወርደዋል። እዚያ ጉድጓድ የሚለካው በሰው ቁመት ነው። መዶሻችንን ሲሰሙ ጭቃ ለብሰው ወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ መሬቷን ድቤ አደረግሻት እኮ! መንዙማውስ?»

«አንቱ አውጡልን አባባ፣ እኛ እንቀበላለን።»

ሳቁ። ከዚያ ያወጡትን ሸክላ አፈር አንሥተው በጣታቸው ቢገልጡት እንደ መጽሐፍ ገጽ ተላጠ። «አየሽ? ወደ ጎን እሺ ትላለች። ወደ ታች ግን ትለግማለች። ወላሂ፣ ሁለት ጠባይ ነው ያላት።»

እኔም ያወቅኩ መስሎኝ «ድምፅ እንደ በቅሎ አይለግምም አባባ» አልኩ። ቡድኑ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ሥዕሉን ስሠራ፣ ድምፁ ከመስሚያ ወደ መስሚያ የሮጠበትን የጎን ፍጥነት ወስጄ ወደ ታች ለሚወርደውም ሰጠሁት። ውሃ ያዘለው ጠጠር አሥራ ሁለት ሰው ላይ ወጣ። ሦስት ሰው ይቀራቸዋል ማለት ነው። ያን ያህል በእጅ አይሞከርም፤ ግድግዳው ይናዳል። ሄጄ ነገርኳቸው።

ዶማቸውን ትኩር ብለው አዩት። «ኮምፒውተሩ ነው ያለሽ?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲህ አላህ አላለውም» አሉና የጉድጓዱን አፍ በእሾህ ከደኑት። መንደሩ ግን አልማራቸውም፤ «አባ ደረቅ» ይላቸው ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ወባ ወሰዳቸው።

ኋላ መቆፈሪያ ማሽን መጥቶ ከማሳው ማዶ ሲቆፍር ጠጠሩን እኔ ካልኩት በጣም ቀድሞ አገኘው። አላመንኩም። መስሚያ በገመድ አስሬ በቀዳዳው አወረድኩና ከላይ አስመታሁ። ድምፁ እየተጎተተ ወረደ። ገጽ በገጽ የተነባበረው አፈር ወደ ጎን ያስሮጠዋል፣ ወደ ታች ያዘገየዋል። ይለግማል! ሥዕሉን እንደገና ሠራሁት፤ የጎኑን ፍጥነት ለብቻ፣ የቁመቱን ለብቻ። በሽማግሌው ጉድጓድ ሥር ጠጠሩ አሥር ሰው ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ መዶሻ በተመታ ቁጥር፣ ከምቱ ቀጥሎ፣ ከታች ዶማ ሲመልስ እሰማለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም የለም፤ ስንቴ ፈትሼዋለሁ። «ሰማችሁ?» ስል ባልደረቦቼ ይተያያሉ።

አልቻልኩም። ባጃጅ ይዤ የሽማግሌው ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። ውሃ ሰጡኝ፤ ከወንዝ የተቀዳ ነው፣ ደለሉ ብርጭቆው ሥር ተኝቷል። ጠጣሁትና ነገርኳቸው። ስህተቱ የኔ ነበር፣ እሳቸው ልክ ነበሩ አልኩ።

«ስንት ነበር የቀረው?»

«አንድ ሰው፣ እማማ።»

«አንድ ሰው» አሉ። «እውነትሽን ነው። የጎደለንም አንድ ሰው ነው።»

ከዚያ ሻሻቸውን አጥብቀው ወጡና መንደሩን ተጣሩ። «አባ ደረቅ ስትሉ የነበራችሁ ሁሉ፣ ዶማ ይዛችሁ ኑ!»

እሾሁ ተነሣ። እየተፈራረቁ ቆፈሩ፤ እኔ አፋፉ ላይ ተደፍቼ አዳምጣለሁ። በሦስተኛው ቀን የዶማው ድምፅ ተቀየረ፤ ጠጠር ነካ። ቆፋሪው «ረጠበ!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ።

እማማ ግን እልል አላሉም። በጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው «ሰማህ?» አሉ።

«ሰማሁ እማማ!» አለ ቆፋሪው ከታች።

«አንተን አይደለም» አሉት።