የሰቦቃ ፊሽካና ትርፏ ስንኝ

እልል በሉ! ፊሽካው አልተወሰደም! እዚያው አንገት ላይ ነው፤ ገመዱ እንኳ አልተፈታም። የማን አንገት ላይ አትሉም? ቆይ፣ ቀስ ብዬ ከሥሩ ልጀምር፤ የምሥራች በችኮላ ሲነገር ግማሹ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል።

አንገቱ የሰቦቃ ነው። ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ የብረት በር የሚበይደው ሰቦቃ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ጥዋት ጥዋት ሥራ ሳይገባ ገርጂ ሜዳ ላይ ልጃገረዶች ሩጫ ያሠለጥናል፤ ከዚያ እስኪመሽ ብረት ይበይዳል፤ በመሐል በመሐሉ ደግሞ ግጥም ይጽፋል። የሚጽፈው ታዲያ ወረቀት ላይ እንዳይመስላችሁ። ስንኝ ሲመጣለት እጁ ላይ ያለው ጠመኔ፣ ፊቱ የተጋደመው ላሜራ ነው፤ እዚያው ይከትበዋል። በሩ ተበይዶ ያልቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። በዚያ ሰፈር ስንቱ ሰው የሰቦቃን ግጥም ከውስጥ ቆልፎ እንደሚያድር አያውቅም። ሚስቱ ብርቄ «ደብተር ግዛ እንጂ አንተ ሰው» ብትለው ብትለው፣ «ደብተር ላይ ሲሆን ይፈዝብኛል» ብሎ ይስቃል።

ግጥምና ሩጫን ያስተዋወቀችለት እናቱ ናት። ዛሬ ፎቁ የተደረደረበት መሬት ድሮ የወላጆቹ የጤፍ ማሳ ነበር። አጨዳ ሲደርስ እናቱ በኦሮምኛ ዘፈን ታወጣለች፣ ደቦው ይቀበላል፤ ቃሉ ሲያርፍ የሁሉም ማጭድ አብሮ ያርፋል። አንድ ሰው እንኳ ዜማውን ከሳተ ማጭዱ ከጎረቤቱ እጅ ጋር ይጋጫል። ሰቦቃ ይህን አልረሳም። ከስድስት ዓመት በፊት የዱላ ቅብብል ቡድን ሲያቋቁም ዱላዎቹን ከአሉሚኒየም ቱቦ ራሱ ቆረጠ፤ ለቅብብሉ ደግሞ ሁለት ስንኝ ጻፈ።

ከኋላዬ ያለሽ፣ ዞሬ አላይሽም፣
እጄን ዘርግቻለሁ፣ አታሳፍሪኝም።

ነገሩ ቀላል ነው። ዱላ ይዛ የምትመጣዋ ልጅ መሬት ላይ በኖራ የተሰመረውን ምልክት ስትረግጥ፣ የምትቀበለዋ ፊቷን አዙራ መሮጥ ትጀምራለች፤ እየሮጠችም በልቧ ግጥሙን ትላለች። «እጄን» ስትል እጇ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዱላው መዳፏ ላይ ጠብ! መዞር የለም፣ መጮህ የለም።

ይህ ሁሉ ያልጣማቸው የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበሩ ጋሽ ገረመው ናቸው። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተዋል፤ የልጅ ልጃቸው እንቁ በቡድኑ ሦስተኛዋ ሯጭ ናት።

«ሰቦቃ» አሉት ባለፈው ወር፣ ወላጆች በተሰበሰቡበት። «እኔ ግጥም አልጠላም። ግን ልጅቷን የላክኋት ልትሮጥ እንጂ ልታንጎራጉር አይደለም።»

«እያንጎራጎረች ነው እኮ የምትሮጠው፣ ጋሽ ገረመው።»

«ማንጎራጎሩንስ ሰማን። ሜዳሊያው ነው የጠፋው!»

ቤቱ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ውሳኔ ተወሰነ፤ ቡድኑ በክፍለ ከተማው ውድድር ከአንድ እስከ ሦስት ካልወጣ ሰቦቃ ፊሽካውን ያስረክባል፣ የሠለጠነ አሠልጣኝ ይፈለጋል። ሰቦቃም «እሺ» አለ። ምን ይበል? ቤቱ ገብቶ ግን ራት አልበላም። ፊሽካዋ በልጅነቱ ያሠለጠኑት ሰው የሰጡት ናት፤ ኒኬሏ ተልጦ ነሐሷ ወጥቷል።

የውድድሩ ቀን ብርቄ «የኔ ልብ ይህን አይችልም» ብላ ስልኳን አጥፍታ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ሾላ ገበያ ሄደች። «ሲያልቅ እሰማለሁ፤ ክፉ ከሆነም ቢያንስ ሽንኩርቴን ገዝቼ እሰማለሁ።»

ሰቦቃ ደግሞ በዚያው ጥዋት ጉድ ሠራ። ብየዳ ቤቱን ሲከፍት አንድ መስመር መጣለት፤ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት እንዲህ ያለ መጥቶለት አያውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ለልጆቹ አነበበላቸው፤ ከሁለቱ ስንኞች መሐል አስገብቶ፦

ከኋላዬ ያለሽ፣ ዞሬ አላይሽም፣
እንደ ጥዋት ፀሐይ፣ መምጣትሽ አይቀርም፣
እጄን ዘርግቻለሁ፣ አታሳፍሪኝም።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ሾፌሩ ሳይቀር «ድገመው» አለ። ደገመው። ሰለሰው። ስታዲየም እስኪደርሱ አራቱም በቃላቸው ያዙት። ግጥሙ በአንድ ስንኝ ሲረዝም፣ «እጄን» እስኪባል እግርም በዚያው ልክ እንደሚርቅ ግን አንድም ሰው አላሰበም፤ አሠልጣኙ ራሱ ጭምር።

ማጣሪያው ላይ የሆነውን አያሳያችሁ! ሦስቱም ቅብብል ዘገየ፤ የመጨረሻው ደግሞ ከሁሉም ባሰ። እንቁ ዱላዋን ይዛ እንደ ጥይት መጣች፤ ተቀባይዋ ቢሊሴ መሮጥ ጀመረች፤ እጇ ግን የለም! እንቁ ጀርባዋ ላይ ልትወጣ ደርሳ «እጅ! ኧረ እጅ!» ትላለች፤ ቢሊሴ ገና የጥዋት ፀሐይ ላይ ናት። የመቀባበያው ክልል ሊያልቅ ሁለት እርምጃ ሲቀረው እጅ ተገኘ። አራተኛ ወጡ፤ በሰዓታቸው ተሽለው በመጨረሻው ክፍት ቦታ ወደ ፍጻሜ አለፉ።

ጋሽ ገረመው ከመቀመጫቸው ወርደው መዳፋቸውን ዘረጉ። «አሁን ትሰጠኛለህ ወይስ ቀብረን ስንመለስ?»

ሰቦቃ ፊሽካውን በመዳፉ ሸፍኖ አልፏቸው ሄደ። ልጆቹን መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ሰበሰበ። ቢሊሴ ታለቅሳለች።

«ተይ የኔ ልጅ። እግርሽ አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በውድድር ቀን ጫማ የሚቀይር አሠልጣኝ እብድ ነው ስል ኖሬ፣ ራሴ ግጥም ቀየርኩባችሁ።» ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «ስንኟ ትውጣ።»

ይህን ሲል የራሱን ጥርስ የነቀለ ያህል ነው ያመመው። ቢሊሴ ግን እንባዋን እየጠረገች፣ «አትወጣማ ኮች! ጆሮዬ ላይ ተጣብቃለች። ልርሳት ስል ይብስባታል» አለች። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚኒባስ ውስጥ አሥር ጊዜ አስደግሟቸው፣ በምን ይርሷት?

ጫማዋን ታስር የነበረችው እንቁ ቀና አለች። «ለምን ትወጣለች? ወደ ላይ እናውጣት።»

«ወዴት ላይ?»

«መጀመሪያ ላይ ነዋ። ቆመን ስንጠብቅ፣ የምትመጣዋን እያየን እንበላት። ምልክቱን ስትረግጥ ዞር ብለን እንደ ድሮው 'ከኋላዬ ያለሽ' እንላለን።»

ሰቦቃ ከኪሱ ጠመኔ አወጣና በብረቱ በር ላይ ጻፈው፦

እንደ ጥዋት ፀሐይ፣ መምጣትሽ አይቀርም፣
ከኋላዬ ያለሽ፣ ዞሬ አላይሽም፣
እጄን ዘርግቻለሁ፣ አታሳፍሪኝም።

አነበበው። መጀመሪያ ታያታለች፣ ከዚያ ታምናታለች፣ ከዚያ እጇን ትሰጣታለች። ከሱ ግጥምም ይሻል ነበር! በሠላሳ ዓመት ማንም ስንኙን አርሞለት አያውቅም፤ አሁን ጫማ ማሰሪያዋ ያልተቋጠረ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አረመችው። ትንሽ ቀናባት፤ ከዚያ ሳቁ አሸነፈው።

«እንቁ፣ ቡድኑን ይዘሽ ውጪ» አላት። «ዛሬ ግጥሙም ቡድኑም ያንቺ ነው።»

ፍጻሜው ተጀመረ። አንደኛው ቅብብል ጠብ! ሁለተኛውም ጠብ! እንቁ ስትነሣ አምስተኛ ነበሩ። ቢሊሴ ቦታዋ ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሰቦቃ ከአጥሩ ማዶ አብሯት ይላል። እንቁ ኖራውን ረገጠች፣ ቢሊሴ ዞረች፣ እጇ ወጣ፣ ዱላው ገባ። ያኔ ከመቀመጫው በኩል አንድ ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ «አታሳፍሪኝም!» ሲል ስታዲየሙን አናጋው። ሰቦቃ ዞር ቢል ጋሽ ገረመው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን እያውለበለቡ ቆመዋል።

ቢሊሴ አራተኛዋን አለፈች፤ ከሦስተኛዋ ጋር መጨረሻው መስመር ላይ በደረት ገጠመች። ማን እንደቀደመ አልታወቀም። ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ተንኮሻኮሸ። ሰቦቃ ፊሽካውን በጡጫው ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሦስተኛ፦ ገርጂ!»

ከዚያ በኋላማ ማን ማንን እንዳቀፈ አይታወቅም። ግርግሩ ረገብ ሲል ጋሽ ገረመው ቀረብ አሉና ፊሽካውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዩት፤ መልሰው ደረቱ ላይ ለቀቁት።

«ሰቦቃ፣ የኔን በር የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ ጋሽ ገረመው።»

«ምን ጽፈህበታል?»

«ቀለሙ ሲላጥ ያዩታል።»

«ቀለም እስኪላጥ ማን በሕይወት ይቆያል? ነገ ነው የማስፍቀው!»

ብርቄ ግን አሁንም ስልኳን አልከፈተችም። ይኼኔ ከሾላ የሚመጣው ታክሲ ውስጥ ዘንቢሏን ታቅፋ፣ ክፉውን እያሰበች ነው። ኢምፔሪያል አደባባይ ላይ ነው የምትወርደው። ጋሽ ገረመውም በዚያው ሲያልፉ አይቻለሁ፤ የምሥራቹን ቀድመውኝ ከነገሯትማ ወዮልኝ! በሉ ደኅና ዋሉ፣ ልሩጥ!