በሽማግሌ የተጠየቀ አጥቂ

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሥጉ ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ የምፈትሽ፣ ስልክ ሲጠራ «ማን ሞተ?» ብዬ የማነሳ ሴት ነኝ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ደመና ሳይኖር ጃንጥላ የምትዘረጊ ነሽ» እያለ ይቀልድብኛል። የዚያን ዓመት መስከረም ግን የፈራሁት ሁሉ አንድ በአንድ ስለደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ቀልዱን ቀነስ አድርጓል።

ታናሽ ወንድሜ እግር ኳስ ተጫዋች ነው፤ አጥቂ። ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ ጤፍና ስንዴ ከሚያርሱት አባታችን ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃ ሊማር ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ መጣ። እኔ የሒሳብ መምህርት ስለሆንኩ ሰው አደርገዋለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ከደብተሩ ይልቅ የኳስ ጫማውን ነበር የሚንከባከበው። ደግነቱ እግሩ አላሳፈረውም። ደቡብ ወርዶ ለአንድ ክለብ ሁለት ዓመት ተጫወተ። ውሉ ሲያልቅ ክረምቱን አባታችን ቤት ገብቶ፣ ጤፍ እያረመ የሚቀጥለውን ክለብ ይጠብቅ ጀመር። ክለብ የሌለው ተጫዋች ስልኩን ከእጁ አያወጣም፤ ሲያርም እንኳ በጥርሱ ነክሶ ይይዘው ነበር።

መጀመሪያ የደወለለት ሌላ የደቡብ ክለብ ነው። የቡድን መሪው ሲናገር የሚቸኩል ሰው ነበር፤ «ወንድሜ፣ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? እስከ ረቡዕ ቁርጡን ንገረኝ» አለው። ቀጥሎ የፈለገው ማርቆስ ውስጥ ነጋዴዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት ክለብ ነበር። የወንድሜ ልብ ወደዚህኛው አደላ። «እቴ፣ እንግዲህ አባ እያዩኝ ነው መጫወት የምፈልገው» አለኝ። አባታችን አንድም ቀን ሲጫወት አይተውት አያውቁም።

የማርቆሱ ክለብ ግን ተጫዋች ማምጣት ላይ ዕድል የሚባል ነገር አልነበረውም። ዕድልም ብቻ አይደለም፣ ማስተዋልም አልነበረውም። ባለፈው ዓመት አንድ አጥቂ በስልክ የተላከ ቪዲዮ አይተው ብቻ አስመጡ፤ ልጁ መጥቶ ሜዳ ሲገባ፣ ለካ ቪዲዮው ላይ ጎል የሚያገባው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ከጎን እየሮጠ እጁን የሚያነሳው ነበር። ግብ ጠባቂ ሲያጡ የአሠልጣኙን የክርስትና ልጅ አመጡ። ከቆላ የመጣው ተከላካይ የማርቆስን ብርድ አልቻለውም፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ጋቢ ተከናንቦ ከርሞ፣ ፋሲካ ሳይደርስ ወደ አገሩ ገባ። ከተማው ሳቀ፤ እኔም የመምህራን ክፍል ተቀምጬ ከሁሉም በላይ ስቄያለሁ።

አዲስ የተመረጡት ሊቀመንበር የእህል ነጋዴና ወግ አጥባቂ ሰው ናቸው። የክለቡን ጥፋት ሲመረምሩ ቆይተው መድኃኒቱን አገኘሁት አሉ። «ችግራችን ሰው ሳናውቅ መግዛታችን ነው። ዕቃ አይዶለም እኮ! ከእንግዲህ ልጅ የምናመጣ ከቤተሰቡ ጠይቀን፣ በወግ በማዕረጉ ነው» ብለው ለኮሚቴው ተናገሩ። ለሴት ልጅ እንደሚላከው፣ ለአጥቂም ሽማግሌ ሊላክ ተወሰነ። ኮሚቴው አጨበጨበ ይባላል።

እናታችን ካረፈች ቆይታለች፤ ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ገጠር ወረድኩ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ፤ ሊቀመንበሩ፣ የእሳቸው ነፍስ አባትና አንድ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ዳኛ። እኔ ጓዳ ጠላ እየቀዳሁ፣ ወንድሜ ከጎታው ኋላ ቆሞ፣ ሁለታችንም ጆሯችንን አቁመን እናዳምጣለን። ያ ጺማም ጎረምሳ እንደ ሙሽራ ጓዳ ሲደበቅ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ እንጂ» አሉ አባታችን።

«አንቀመጥም፤ ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን» አሉ ሊቀመንበሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጅዎን ለልጃችን…» ብለው ጀመሩ፤ ወዲያው «ለክለባችን እንዲሰጡን ልንጠይቅዎ ነው» ብለው አቃኑት። ወንድሜ ሊስቅ ሲል ክንዱን ቆነጠጥኩት።

አባታችን «መልካም ነገር ይዛችሁ መጥታችኋል። እኔ ግን ብቻዬን አይዶለሁም፤ ዘመድ አለኝ። ላማክርና የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አሉ።

ክለቦች ተጫዋች የሚያስመዘግቡበት ጊዜ፣ የዝውውር መስኮት የሚሉት፣ የሚዘጋው ዓርብ አመሻሽ ነው። ከዚያ በኋላ የተፈረመ ውል እስከ የካቲት ድረስ አያጫውትም። ሊቀመንበሩ ይህን ከኔ በላይ ያውቃሉ። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን «ዓርብ» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እሽ፣ ይሁን። የዛሬ ሳምንት» አሉ።

ደጅ ተከትያቸው ወጣሁ። «ጋሼ፣ ዓርብ ይዘጋል እኮ!»

«ዓርብ መሆኑን አጣሁት ልጄ? ግን ሽማግሌ ሁኜ ሰው ቤት ቁሜ ‹ቶሎ በል› እላለሁ? ነውር አይዶል?» አሉኝ። ደንግጬ ሲያዩኝ ጊዜ ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። «ደሞስ በየዓመቱ ይራዘማል፤ ምን ያሰጋሻል?»

እውነት ነው፣ በየዓመቱ ይራዘማል። እኔ ግን «ይራዘማል» ብሎ እንቅልፍ የሚወስደው ዓይነት ሰው አይደለሁም።

ማምሻውን አባታችን አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ «አባ፣ ይህ ነገር እኮ ቀን አለው፤ ቸኮሉ ይሉኛል ብለው ካልሆነ፣ ዓርብ ሳይደርስ እሽ ቢሏቸው ምን አለበት?» አልኳቸው።

«ቀን የሌለው ነገር ምን አለ?» አሉ። «ልጄ ገበያ የወጣ በግ ነው፣ መጀመሪያ ለጠየቀ የሚነዳ? ዛሬውኑ እሽ ብላቸው ነገ ምን ብለው ይይዙታል? ‹አባቱ ሊገላገሉት ፈልገው ነበር› ነው የሚሉት።»

አባታችን ተሳስተው ቢሆን ኖሮ እከራከራቸው ነበር። እሳቸው ግን ልጃቸውን እያከበሩት ነው፤ የሚያውቁት የማክበሪያ መንገድ ደግሞ ማስጠበቅ ነው።

ረቡዕ የደቡቡ ሰው ደወለ። ወንድሜ ግቢ መሐል ቆሞ አነጋገረው፤ አባታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። «አልችልም፤ ተጠይቄያለሁ» አለው ወንድሜ። ሰውዬው «ማን ጠየቀህ? ፈርመሃል እንዴ?» ሲል ከሩቅ ይሰማል። «አልፈረምኩም። ሽማግሌ ገብቷል።» ሰውዬው «ወንድሜ፣ ነገሩ አልገባኝም፤ ብቻ ይቅናህ» ብሎ ዘጋ። አባታችን «የጨዋ ልጅ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ተናድጄ ወንድሜን ወደ ጓሮ ወሰድኩት።

«ምናለ ሁለት ቀን ብታቆየው?»

«እቴ፣ ሽማግሌ ደጃችን ቁሞ ሄዶ እኔ ለሌላ አቆይልኝ ልበል? አባን ላዋርዳቸው?»

በሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እንደምል አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስኪመሽ ድረስ አኮረፍኩት። ጭንቀት ሲበዛብኝ አጠገቤ ባለው ሰው ላይ ነው የምወጣው።

በማግሥቱ ዘዴ መጣልኝ። «አባ፣ እሑድ እኔ የለሁም፤ ሰኞ ትምህርት ስለሚከፈት ወደ ማርቆስ እመለሳለሁ። ለሽማግሌ ማን ያቀርባል?» አልኳቸው። ይህ ገባቸው። የእንግዳ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስባቸዋል። «በይ ዓርብ ጧት ይምጡ» አሉ። ወዲያው ለሊቀመንበሩ ደወልኩ። የምዝገባ ወረቀቱን ይዞ የክለባቸው ቡድን መሪም አብሮ እንዲመጣ ለመንኳቸው፤ እሽ አሉ።

ዓርብ ጧት አልመጡም። ከሌሊት ጀምሮ ዝናብ ጥሎ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ኖሯል፤ ገበሬ ገፍቶ እስኪያወጣቸው ቀኑ ተጋመሰ። እኔ በዚያ ሁሉ ሰዓት መንገዱን ሳይ አንገቴ ደነዘዘ። ከሰዓት በኋላ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ ደረሱ። እንደገና አንቀመጥም፣ እንደገና ጉዳይ አለን። በመጨረሻ አባታችን ተነሥተው «ሰጥቻለሁ፤ ልጃችሁ ነው» አሉ። የጎረቤት ሴቶች እልል አሉ። እኔም እልል እያልኩ ስልኬን አያለሁ።

ከዚያ ምርቃቱ ተጀመረ። ነፍስ አባትየው ለቤቱ መረቁ፤ ለከብቱ መረቁ፤ ለአዝመራው፣ ለአገሩ ሰላም፣ ለወንድሜ ቀኝ እግር፣ ቀጥሎም ለግራው መረቁ። አሜን እያልን ነው፤ ማን ምርቃት ያቋርጣል? ሲያበቁ ማዕድ ቀረበ። እሽታ ከተሰጠበት ቤት እህል ሳይቀመስ አይወጣም፤ ሊቀመንበሩ ያውቁታል፣ የቡድን መሪውም ያውቀዋል፤ እኔም ሽሮውን ራሴ ነኝ ያቀረብኩት። ወንድሜ የፈረመው ሳህኑ ከተነሣ በኋላ ነው።

ፎቶ የሚያስተላልፍ ኔትወርክ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። የቡድን መሪው፣ ወንድሜና እኔ በጭቃው እየተንሸራተትን ሮጥን። መሪው የውሉን ፎቶ ለፌዴሬሽኑ ልኮ ሲጠብቅ ሲጠብቅ፣ ቆይቶ ደወለ። ያነጋገረው ሰው የሚለውን አልሰማሁም፤ የቡድን መሪው ፊት ግን ነገረኝ። «ተዘግቷል። ዘንድሮ አይራዘምም አሉ።»

ወንድሜ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «እቴ፣ አባ እንዳይሰሙ» አለኝ። «በኔ ምክንያት ነው ብለው ይታመማሉ። ማይልኝ።» ማልኩለት።

ወንድሜ ከክለቡ ጋር ጧት ጧት ልምምድ ይሠራል፤ የጨዋታ ቀን ግን ተመልካች መሐል ይቀመጣል። አባታችን ሲደውሉ «አሠልጣኙ ለትልቁ ጨዋታ እያቆየኝ ነው» ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ወሬው በገበያተኛ በኩል ቁይ ይደርሳል እያልኩ እፈራለሁ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሠሌዳ ላይ ጽፌ መልሱ የሚጠፋኝ ጊዜ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አውድማው ሲያበቃ፣ አባታችን ሳይነግሩን መጡ። አዲስ የታጠበ ጋቢ ለብሰው፣ እሑድ ጧት ደጄ ላይ ቆመዋል። «ልጄን ላየው መጣሁ» አሉ። ምን ብዬ ልመልሳቸው? ሜዳ ወሰድናቸው፤ እኔ በቀኝ፣ ወንድሜ በግራ ተቀመጥን።

«አትለብስም እንዴ?»

«ዛሬ ዕረፍት ላይ ነኝ አባ።»

ጨዋታው ያሳዝናል። ኳሱ ከባላጋራው ግብ ፊት ይደርሳል፤ የሚመታው ሰው የለም። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ሰው ተሰላችቶ ኖሮ ጮክ ብሎ «አጥቂያቸውማ ያውላችሁ፣ እንደኛ ተቀምጦ ያያል! አባቱ ‹ዘመድ ላማክር› ሲሉ ቀኑ አለፈባቸው!» አለ። የሰሙት ሁሉ ሳቁ። አባታችን ማን እንደሆኑ አላወቁም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አባታችን ዞረው አላዩም። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና፣ ቆይተው «እውነት ነው?» አሉ። ወንድሜ ሜዳውን ያያል።

«አንተስ አፍ የለህም?»

«ሽማግሌ ፊት ምን ብዬ ልናገር አባ?»

ክለባችን ተሸነፈ። ሰዉ ሲወጣ እኛም ወጣን፤ ከአጥሩ ጥግ ስንደርስ ቆሙ። «ያ ከደቡብ የደወለው ሰውዬ ቁጥሩ አለህ?»

«አለ።»

«ደውልና ስጠኝ።»

ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ። የልጁ አባት ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሱ ምንም አላጠፋ። ውሰዱልኝ። የለም፣ ሽማግሌ አያስፈልግም፤ መምጣትም አያስፈልግም። ዛሬ ቢሉት ዛሬ ይነሣል።»

አባቴ ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስልኩን ልነጥቃቸው ፈለግሁ። በሊቀመንበሩ ተናደድኩ፣ በዚያ በሳቀው ሰውዬ ተናደድኩ፤ ከሁሉ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን የአባቴ ድምፅ እንዲያ መለሳለሱ ነው። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የታሰረ የጫማ ክሩን ፈትቶ ያስር ጀመር።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። «አባቴ፣ ቦታው በሌላ ልጅ ተይዟል። አዝናለሁ» ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ዘጋ። አባታችን ግን መዘጋቱን አላወቁም። «ጠንካራ ነው ጌታዬ፣ ሥራ አይሰለችም፣ ታዛዥ ነው» እያሉ ማውራታቸውን ቀጠሉ። እኔም ወንድሜም ሳንነግራቸው ቆመን ሰማናቸው።