አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር የሰጠመችው ጀልባ

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ ስኖው አልፎ ዛፎቹ ቅጠል ማውጣት በጀመሩበት ሰሞን ነው። ባለቤቴ ዘሐራ ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር እያሳቀች ታወራዋለች፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ጠዋት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ልጄን ያጣሁ መስሎኝ ነበር።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ፋርማሲ ክፍል ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ነጂብ ይባላል። ሃይስኩል ጨርሶ ትንሽ እንደቆየ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገባ። አፍጋኒስታን ድረስ ሄዶ አገልግሎ፣ ጊዜውን ጨርሶ ተመለሰ።

አካሉ ደህና ነበር። እንቅልፉ ግን አብሮት አልተመለሰም። ቤዝመንት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲንጎራደድ ከላይ ሆነን እንሰማዋለን። ምን ሆንክ ስንለው "አይም ፋይን ባባ" ይላል። አንድ ሁለት ጊዜ ሳይነግረን መኪናውን አስነስቶ ወጥቶ የተመለሰው በማግስቱ ነው። የት እንደነበረ አልተናገረም፤ እኛም አጥብቀን ለመጠየቅ ፈራን። ዘሐራ ከዚያ ወዲህ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር የምትተኛው።

በኋላ አንድ አብሮት ያገለገለ ጓደኛው አሌክሳንድሪያ ወዳለ ወርክሾፕ ወሰደው። ቦታው ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ከጦሩ የወጡ ወንዶችና ሴቶች እየተሰበሰቡ ያረጁ የእንጨት ጀልባዎችን ይጠግናሉ። ሥራው ሲያልቅ ሸራ ሰቅለው ፖቶማክ ላይ ይሄዱባቸዋል።

እኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። "አሮጌ ጀልባ ጠግኖ ምን ሊሆን ነው?" አልኳት ዘሐራን።

"ከቤት ወጣ አይደል? ተወው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቅዳሜ ብቻ ይሄድ የነበረው ልጅ ከሥራ መልስም እዚያ ጎራ ማለት ጀመረ። ልብሱ ሰጋቱራ ለብሶ፣ ጥፍሩ ውስጥ ቀለም ገብቶ ይመጣል። እራት ላይ ስለ ጣውላ ያወራልናል። አንዲት ትንሽ ነጭ ባለ ሸራ ጀልባ ነበረች፤ የበሰበሱትን ጣውላዎቿን እያወጡ አዲስ ሲተኩላት ከረሙ። ፎቶዋን ስልኩ ላይ እያሳየ "ሉክ ባባ፣ ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት" ይለኛል። እኔ ከጀልባዋ ይልቅ ፊቱን ነበር የማየው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሊወጣ ሲል "ዛሬ ውሃ ውስጥ እናስገባታለን" አለኝና እየተቻኮለ ሄደ።

ማታ አልመጣም። አብረው አምሽተው ይሆናል ብለን ተኛን። ለሱብሒ ስነሳ መኪናው የለችም። ኮል አደረግኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ዘሐራ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ ታየኛለች። የፈራነው አንድ ነገር ነበር። ሁለታችንም በአፋችን አላወጣነውም።

"ሂድና እየው" አለችኝ በመጨረሻ።

ቅዳሜ ስለሆነ ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መኪና አልነበረም። እንዴት እንደነዳሁ ዛሬም አላስታውስም። "ያ አላህ፣ አንተ ጠብቀው፣ አንተ ጠብቀው" እያልኩ የወንዙን ድልድይ ተሻገርኩ።

ወርክሾፑ ጋ ስደርስ መኪናው ቆማለች። ትንሽ ቀለል አለኝ። በሩን ግን ባንኳኳ የሚከፍት የለም፤ ተቆልፏል። ዞሬ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ጀልባ የሚታሰርበት፣ ውሃው ላይ የተዘረጋ የእንጨት መድረክ አለ። እስከ ጫፉ ሄድኩ።

ፎቶዋን ሳይ የከረምኩትን ነጭ ጀልባ አየኋት። በገመድ እንደታሰረች ሰጥማለች። ከውሃው በላይ የሚታየው ምሰሶዋና የጠርዟ ጫፍ ብቻ ነው። ውስጧ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ከፊት ለፊቷ፣ መድረኩ ላይ፣ የነጂብ ጫማ ተቀምጧል። ከጫማው ጎን ጃኬቱ።

እንደገና ደወልኩ። ስልኩ ጃኬቱ ውስጥ ሲርገበገብ ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም። እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። ዋና አልችልም፤ ውሃ ከጉልበቴ በላይ አልፎ አያውቅም። "ነጂብ!" ብዬ ጮህኩና ከነልብሴ፣ ከነጫማዬ ዘለልኩ።

ውሃው ትንፋሼን ቀማኝ። እንደዚያ ያለ ብርድ አይቼ አላውቅም። ጎኔ ቀድሞ ገባ፤ ጠለቅኩ፤ ስወጣ አፌ ውሃ ሞላው። ጀልባዋን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ያገኘሁት ውሃ ብቻ ነው። ተገለባበጥኩ። አበቃልኝ ብዬ ሸሀዳ ማለት ጀመርኩ፤ እሱንም ውሃው አላስጨርስ አለኝ።

በዚህ መሃል የሴት ድምፅ ሰማሁ። "ቁም! በእግርህ ቁም!" እያለች በእንግሊዝኛ ትጮሃለች። እየሰጠመ ያለ ሰው እንዴት ነው የሚቆመው? "ስታንድ አፕ፣ ሰር!" አለች እንደገና። አለቃ ወታደሩን የሚያዝበት ዓይነት ድምፅ ነው። እግሬን ወደ ታች ሰደድኩ። ጭቃ አገኘሁ። ቆምኩ።

ውሃው ደረቴ ጋ ነበር።

ሴትየዋ መድረኩ ላይ በደረቷ ተኝታ የሸሚዜን ኮሌታ ያዘችና እስከ መሰላሉ ጎተተችኝ። ሸበት ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት። ዶና ትባላለች፤ ባህር ኃይል ያገለገለች መሆኗን በኋላ ነው ያወቅኩት። ከመኪናዋ ፓምፕ ልታመጣ ሄዳ ስትመለስ ነው አንድ የማታውቀው ሰው ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ሲዘል ያየችው።

"ልጄ!" አልኳት ጥርሴ እየተንገጫገጨ። "ልጄ ውሃ ውስጥ ነው!"

"ልጅህ ማን ነው?"

"ነጂብ።"

መጀመሪያ እኔን አየች። ቀጥላ ጫማውን፣ ጀልባዋን። ሁሉም ነገር ገባት። ሁለቱንም እጆቼን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። "ስማኝ። ነጂብ ደህና ነው። ትናንት ውሃው ውስጥ ለመግባት ጫማውን በላስቲክ ቦት ጫማ ቀይሮ ነበር። አሁን በእግሩ ቁርስ ሊገዛልን ሄዷል። ደህና ነው።"

ቃሉ ይሰማኛል፤ ነገሩ ግን አልገባኝ አለ። ደጋግማ ነገረችኝ። የልጄን ጃኬት አንስታ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋልኝ፣ ጀርባዬን እያሻሸች አጠገቤ ተቀመጠች። አንድም ጊዜ አልሳቀችም።

ነጂብ በአንድ እጁ የወረቀት ከረጢት፣ በሌላው ቡና ይዞ ብቅ አለ። ሲያየኝ ባለበት ቆመ።

"ባባ? ዋት ሃፕንድ?"

ሄጄ አንገቱን አቀፍኩት። በሱ ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ሳልደብቅ አለቀስኩ። የያዘው ቡና ጀርባዬ ላይ ሲፈስ ሙቀቱ ደስ አለኝ።

ዶና ነገረችው። እሱ ቁጭ አድርጎኝ ጫማዬን ይፈታ ጀመር። "አልሰጠመችም ባባ" አለኝ፤ "ኦን ፐርፐስ ነው፤ ሆን ብለን ነው ውሃ የሞላናት። እንጨቱ ሲቆይ ይደርቅና ጣውላው መሃል ክፍተት ይኖረዋል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል። ከዚያ ውሃውን በፓምፕ እናወጣለን።" ደርቆ የከረመ በርሜል ውሃ ሞልተው እንደሚያሳድሩት ዓይነት መሆኑ ገባኝ።

ካልሲዬን አውልቆ እየጨመቀ፣ "አንተ መዋኘት አትችልም እኮ" አለ።

"አዎ፣ አልችልም።"

"ታዲያ ለምን ገባህ?"

"አንተ እዚያ ውስጥ ያለህ መስሎኝ።"

አቀርቅሮ ካልሲውን መጭመቁን ቀጠለ፤ ውሃው ካለቀ በኋላም ይጨምቀዋል።

"አንተስ ስልክ ለምን አታነሳም?" አልኩት።

"ጃኬቴን እዚህ ረስቼው ገባሁ። ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ ወርክሾፕ ውስጥ የታጠፈው ሸራ ላይ ጋደም አልኩ።" ቀና ብሎ አየኝ። "ስነቃ ፀሐይ ወጥቷል። ኦል ናይት ባባ። ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።" ይህን ሲል ራሱም ያመነ አይመስልም ነበር።

የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ሞቷል። በእሱ ስልክ ዘሐራ ጋ ደወልን። "ተኝቶ ነው" አልኳት።

"ምን?"

"ተኝቶ! ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ነው ያላነሳው!"

"አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" እያለች ስታለቅስ ሰማኋት።

ያን ዕለት በሰው ቱታ ሆኜ ወርክሾፑ ውስጥ ዋልኩ። ከሰዓት ላይ ውሃውን በፓምፕ ሲያወጡ ጀልባዋ ቀስ እያለች ከፍ፣ ከፍ አለች። ነጂብ ውስጧ ገብቶ ወለሉን በእጁ እየዳሰሰ፣ የሚገባ ውሃ እንደሌለ ሲያይ ወደ እኔ ዞሮ አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

ሁሉ ነገር በዚያ ቀን ተስተካከለ አልልም። ዛሬም ቤዝመንት ውስጥ የእግር ኮቴ የምንሰማበት ሌሊት አለ። ግን ሲብስበት ወደ ላይ ወጥቶ "ባባ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ይለኛል። ሻይ አፍልቼ አብሬው እቀመጣለሁ። ድሮ ይህን አይነግረኝም ነበር። ያን ጠዋት ሳስታውስ ሀፍረቱ ጠፍቶ የሚሰማኝ እፎይታው ነው፤ ከደረቴ ላይ የሆነ ሸክም የወረደ ያህል።

በጋው ሲገባ ቤተሰብ ሁሉ ተጋብዞ ዘሐራም እኔም ላይፍ ጃኬት አጥልቀን በዚያች ጀልባ ሄድን። መሪውን የያዘው ነጂብ ነበር። ስንመለስ መድረኩ ላይ አንዲት እናት ቆማ አየሁ። ልጇ ከጦሩ የወጣችው በቅርቡ ነው፤ ከእኛ ቀጥሎ በጀልባዋ የምትሄደው እሷ ናት። እናትየው ከውሃው ርቃ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች። ፊቷ ላይ ያለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ።

ጠጋ ብዬ በዚችው እንግሊዝኛዬ "አትፍሪ፣ እዚህ ጋ ውሃው እስከ ደረት ነው። እኔ ራሴ ገብቼ ለክቼዋለሁ" አልኳት።

ቀልድ መሰላትና ሳቀች። ከዚያ ልጇ ስትሳፈር ለማየት ወደ ጫፉ ቀረብ አለች።