ከኮሌጁ በታች ያለው ምንጭ

ሰሞኑን አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከክፍል ስወጣ ጠብቃ፣ «መምህርት፣ አካባቢ ጥበቃን ለምን መረጡት?» አለችኝ። ቸኩዬ ስለነበር አጭር መልስ ሰጥቻት ሄድኩ። ረጅሙ መልስ ግን እስከ ቤቴ ድረስ አብሮኝ መጣ።

እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። በእናቴ ድስት ወጥ የሚሠራው አገሬው ከእናቴ ጋር ማዕድ አይቀርብም ነበር፤ «ቡዳ ናቸው» ይሉናላ። ስለዚህ በጉና ተራራ ግርጌ ወዳለው ኮሌጅ ስገባ ሰፈሬን ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ገብሱ ለእሸት በደረሰበት ወቅት፣ መምህራችን ለጥናት ወንዝ ምረጡ አሉን። ሁሉም ከጉና የሚወርዱትን ጥሩ ጥሩ ጅረቶች መረጠ። የኮሌጁ ቆሻሻ ደግሞ የሚጣለው ከእኛ ሰፈር ምንጭ በላይ ባለው ሸለቆ ውስጥ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ጠርጎ ምንጩ ውስጥ ይከተዋል፤ ሕፃናቱም ሆዳቸውን ይታመማሉ።

እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ ከኮሌጁ በታች ያለውን ምንጭ ማንም አልመረጠውም።»

«እዚያ ሰው ይኖራል እንዴ?»

«እኛ እንኖራለን፤ ሸክላ ሠሪዎቹ። እናቴ የምትቀዳው ከዚያ ነው።»

ተማሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። መምህሩም፣ «እንግዲያ መጀመሪያ የምንሄደው እዚያ ነው» አሉ።

ሄድን። ሸለቆው በፌስታልና በአመድ ተሞልቷል፤ ውሃው ይሸታል። ቤታችን ስንደርስ እናቴ ድንች ቀቅላ በሰፌድ አቀረበችና ራቅ ብላ ቆመች። እንቢ መባልን ለምዳዋለች። ማንም እጁን አልዘረጋም። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። በዚህ መሀል ጌትነት የሚባል፣ ከጋፋት የመጣ የቄስ ልጅ መደቡ ላይ ዘፍ ብሎ፣ «እማማ፣ ዳጣ የለዎትም?» አለ።

እናቴ ደነገጠች። «አለ እንጂ ልጄ! አፈር ስሆን ብላልኝ!»

ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። መምህሩም ድንች መላጥ ጀመሩ።

በሳምንቱ፣ ቆሻሻው እዚያ መጣሉ ይቁም ብለን ዲኑ ዘንድ ገባን። «ታዲያ ቆሻሻው የት ይሂድ?» አሉ ተቆጥተው።

«ከግቢያችን አይውጣ። ጉድጓዱን እኛው እንቆፍራለን» አልኳቸው።

ብዙ ካንገራገሩ በኋላ ፈቀዱ። ከውሃ ርቆ ባለው ጥግ በዶማ ቆፈርን፣ ሸለቆውንም ጠረግን። እጃችን ውሃ ቋጠረ፤ ጌትነት ሲያስቀን ይውላል። በሚቀጥለው ክረምት የወረደው ጎርፍ አፈር እንጂ ሌላ አልያዘም። የምንጩ ውሃ ሲጠራ እናቴ በእፍኟ ቀመሰችና፣ «ውሃ ውሃ አለ እኮ!» ብላ ሳቀች።

የቡዳው ወሬ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። እኔ በማስተምርበት ክፍል ግን ውሃው መቆሸሹን ብቻ አንጠይቅም፤ ወደ ማን ደጅ እንደሚወርድም እንጠይቃለን። ከዚያ ወዲህ ዲግሪም ማዕረግም አግኝቻለሁ። ደረቴን ነፍቼ የማወራው ግን የእናቴን የዚያን ቀን ሳቅ ነው።