የኦቦ ቱፋ በሬዎች

ባለፈው መስከረም ማብቂያ ላይ ልጄ ለሥራ ወደ ወሊሶ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ሰበታን አልፈን ተፍኪ ስንደርስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ነበር። ልጄ ፍጥነቷን ቀንሳ፣ «አባዬ፣ እዚህ ሐይቅ ነበረ እንዴ?» አለችኝ። ሐይቅ እንዳልሆነ፣ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ወሊሶ ድረስ በመስኮቱ ሜዳውን እያየሁ ሄድኩ። ሐሳቤ ወጣትነቴ ዘንድ ሄዶ ነበር።

የተወለድኩት ሕንድ አገር፣ ኬረላ በሚባለው ክፍል፣ ከባሕሩ ጠርዝ ባለች መንደር ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣሁት በንጉሡ ዘመን፣ እንግሊዝኛ ለማስተማር ነበር። ውሌ የሁለት ዓመት ነበር። ይኸው ጸጉሬ እዚሁ ሸበተ።

የተመደብኩት ሰበታ ነበር። ከአማርኛ መምህሩ ከጌታሁን ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ጌታሁን የደብረ ብርሃን ሰው፣ ረዥም፣ ሳቂታ፣ በሸዋ የማይገኝ ነገር ሁሉ ባይኖርም ግድ የለም ብሎ የሚያምን ጓደኛ ነበር። ሰበታ ያን ጊዜ ትንሽ ከተማ ናት። ጠዋት ጠዋት ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣቶቼን ስለሚያደነዝዛቸው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ይደግሙታል። ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ማታ ሽሮ እንበላለን። በርበሬ የአገሬም ቅመም ስለሆነ አልፈራም ነበር፤ በሰበታ ያስከበረኝ ብቸኛው ነገርም ይኸው ነበር።

አማርኛ የለመድኩት ገበያ ውስጥ ነው። ገበያተኛው አንዱን ቃል በአማርኛ ጀምሮ ሌላውን በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ እኔ ደግሞ ሁሉም አንድ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ በትሕትና፣ «ትንሽ ቢሻን ይሰጡኛል?» አልኳቸው። እሳቸው የጎንደር ሰው ናቸው። ቢሻን ውሃ መሆኑን የነገራቸው ጸሐፊያቸው ነው።

ቅዳሜና እሑድ ግን ጌታሁን ቤት አያስቀምጠኝም። አንድ ቅዳሜ ቡራዩ ወሰደኝና ገፈርሳ ግድብን አሳየኝ። ያን ሁሉ ውሃ ሳይ ልቤ ዘለለ፤ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። ዘበኛው ዱላውን ይዞ መጣና፣ «ጌታው፣ ይሄ አዲስ አበባ የሚጠጣው ነው፤ እግር አይታጠብበትም» አለኝ። ሌላ ቅዳሜ ሱሉልታ ሄድን። ያ አገር ሣርና ፈረስ ነው። ጌታሁን ፈረስ ላይ አወጣኝ፤ ፈረሱ ደግሞ ገበያተኛው ሁሉ እያየ ድርቆሽ ክምር ውስጥ ጣለኝ። ጌታሁን ይህን ታሪክ መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ አወራው። ተማሪዎቹም ሰሙ።

ክፉ ሰው አልገጠመኝም። ነገር ግን የሚያዝንልኝ ሰው በዝቶብኝ ነበር። መንገድ ሲያሻግሩኝ፣ ሲያጎርሱኝ፣ ስሳሳት ሲስቁልኝ፣ ከሕፃን የማልሻል ሆንኩ። ሁለተኛው ዓመት ሲጀመር ውሌ እንዳለቀ አገሬ እመለሳለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

በዚያው መስከረም ጤፍና ማገዶ የሚሸጡልን ኦቦ ቱፋ ለመስቀል ቤታቸው ጠሩን። ቤታቸው ከተፍኪ ወዲያ ነው፤ ከአውቶቡስ ወርደን በዋልካው ጭቃ ረጅም መንገድ በእግር ሄድን። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ባለቤታቸው አዴ ጅፋሬ ማርቃ የሚሉትን ገንፎ ቅቤ አፍስሰውበት አቀረቡልን፤ በላን፣ ጠጣን፣ እዚያው አደርን። ሌሊቱን በተራራው በኩል ሰማዩ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ኦቦ ቱፋ ማልደው ሁለቱን በሬዎቻቸውን ከቤቱ በታች ያለውን ወንዝ አሻግረው፣ ሣር ያለባት ጉብታ ላይ አሰሯቸውና ለቁርስ ተመለሱ። ማርቃው ገና ሳያልቅ ከውጭ የአዴ ጅፋሬ ድምፅ መጣ።

«ቢሻን ዱፌ!»

ውሃ መጣ ማለታቸው ነው። ይህን ቃል እንኳ ማንም ሊተረጉምልኝ አላስፈለገም። ስንወጣ ሌሊት በተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ደርሶ ወንዙን ሞልቶታል፤ ሜዳውንም ውጦታል። ሁለቱ በሬዎች፣ ቦራ እና ዳለቾ፣ እንደታሰሩ ጉብታዋ ላይ ቆመው ይጮኻሉ። ጉብታዋ ደግሞ እያየናት ታንሳለች።

ኦቦ ቱፋ ዳር ላይ ቆሙ። መሬቱ የሰው ነው፤ እሳቸው ጭሰኛ ናቸው። በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የሚሉት ሁለቱን በሬዎች ነው። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፤ ከመካከላቸው መዋኘት የሚችል አልነበረም። ኦቦ ቱፋ ለማንም ሳይሆን በዝግታ፣ «ቆቲዮ ኮ» አሉ። በሬዎቼን ማለታቸው ነው።

ሸሚዜን ማውለቅ ጀመርኩ። ጌታሁን ክንዴን ያዘኝ።

«ቶማስ፣ ምን ልትሆን ነው? ሱሉልታን ረሳኸው?»

«ያ ፈረስ ነው፤ ይሄ ውሃ ነው» አልኩት።

ፊቴን አየና ለቀቀኝ። አባቴ በዝናብ ወራት ጎሾቻችንን ከደሴት ደሴት በዋና ያሻግር ነበር፤ እኔም መራመድ እንደጀመርኩ ነው ከጎናቸው መዋኘት የለመድኩት። ይህን በሰበታ ለማን እነግራለሁ? የጠየቀኝም አልነበረም።

ውሃው ብርዱ ትንፋሽ ይቆርጣል። ዳርዳሩ የተኛ ይመስላል፤ መሃሉ ግን ግንድ እየጠቀለለ ይወርዳል። ከላይ በኩል ገብቼ ውሃው እንዲያወርደኝ ሰውነቴን ሰጠሁት፤ ወደ ጉብታዋም አደረሰኝ። በሬዎቹን ፈታኋቸው። ዳለቾ ረጋ ያለ ስለነበር አስቀድሜ እሱን አስገባሁት፤ ቦራ የቀንበር ጓደኛው ሲሄድ ቀርቶ አያውቅምና ተከተለው። እኔ ከጎናቸው ሆንኩ፤ ፊት ለፊት የዋኘ ሰው ኮቴ ያገኘዋል።

መሃል ላይ ቦራ ፈርቶ አፍንጫውን ወደ ታች አዞረ፤ ውሃው ወሰደው። ገመዱን ለቅቄ ጅራቱን ያዝኩ፤ በሌላው እጄ ጉንጩ ላይ ውሃ እየረጨሁ ወደ ዳር እንዲዞር አደረግሁት። ዳለቾ በራሱ ወጣ። እኔና ቦራ ግን በጣም ታች ሄደን ነው እግራችን መሬት የነካው። እዚያ ስደርስ ኦቦ ቱፋ፣ ዋና የማያውቁት ሰው፣ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ቀንዱን ለመያዝ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ጌታሁን ከኋላ መቀነታቸውን ይዞ ይጎትታል።

ሲወጡ ግንባራቸውን በሬው አንገት ላይ አሳረፉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አለበሱኝ።

«በአገርህ ሰው ሁሉ እንዲህ ይዋኛል?»

«ልጆቹም ጭምር» አልኳቸው።

«ታዲያ ፈረሱ እንዴት አቃተህ?»

የሱሉልታው ወሬ እሳቸውም ዘንድ ደርሷል። ጌታሁን መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያ አገር ሲሳቅብኝ የመጀመሪያዬ ባይሆንም፣ ሌላው ሲስቅ አብሬ ከልቤ ስስቅ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ተማሪ ተነሣችና በተሰባበረ እንግሊዝኛ በሬው ለምን እንዳልሰመጠ ጠየቀችኝ። መለስኩላት። ሌላው ቀጠለ። ጅራት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ፈርተህ ነበር? እናትህ ሰምታለች? ደወሉ ሲደወል የተነሣ አልነበረም። ያን ቀን መጽሐፉን አልከፈትነውም።

ውሌን አሳደስኩ፤ ቆይቶም ሰበታ ትዳር ይዤ ቀረሁ። ዛሬ ጌታሁንም ኦቦ ቱፋም የሉም። ሰዎች ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቁኝ ብዙ ጊዜ በባለቤቴ አመካኛለሁ፤ እሷም ደስ ይላታል። እውነቱን ለመናገር ግን ባለቤቴን ከማወቄ በፊት ነው የቀረሁት። ሰው አገር ውስጥ ተቀባይ ብቻ ሆኖ መኖር ይከብዳል፤ የሚያጎርሱህ ሰዎች የቱንም ያህል ደግ ቢሆኑ። አንድ ቀን አንተም የያዝከው ነገር ያስፈልጋቸዋል፤ ትሰጣለህ፤ ከዚያ በኋላ ስትጎርስ እንደ ቤተሰብ ትጎርሳለህ።